ኒኬል በየት በየት በኩል እንደሚያገኘን እና እንዴት እንደምንቀንሰው

ኒኬል መርዝ ነው ሲባል የሰማ ሰው ኒኬል አለበት ብሎ ስቴንለስ ድስቱን ሁሉ አውጥቶ ሊጥል ይነሳል፣ ቆይ ረጋ በሉ። ኒኬል ብርማ ነጭ ጠንካራ ብረት ነው፣ የሚቀልጠው 1455 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፣ ቶሎ ስለማይዝግ ነው ሁሉም እቃ ላይ የሚለብጡት። ድፍን ሆኖ ተቀምጦ ብዙም አይነካችሁም። ጣጣው የሚመጣው ላብ ወይ አሲድ አግኝቶት ሲሟሟ፣ ከዛ የባሰው ደግሞ ብናኝና ጭስ ሆኖ ሳንባ ሲገባ ነው።

ከቆዳ ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚያጋጥመው እሱ ስለሆነ። እምብርት ስር ልክ የጂንሱ ቁልፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ክብ ሆኖ የሚቀላ፣ የሚያሳክክ፣ አንዳንዴም ውሃ የሚቋጥር ነገር ካለ አብዛኛው ሰው ጭርት ነው ብሎ ቅባት ይገዛል፣ በቅባቱ ትንሽ ይተወውና ደሞ ይመለሳል፣ ነገሩ ግን ቁልፉ ውስጥ ያለው ኒኬል ያመጣው አለርጂ ሊሆን ይችላል። ጉትቻ የገባበት ጆሮ፣ የሰዓት ማሰሪያ ስር፣ ማተብ ላይ ያለችው የብረት መስቀል ደረት ላይ የምታርፍባት ቦታም እንደዛው። ማሳከኩ ከግማሽ ቀን እስከ ሦስት ቀን ስለሚዘገይ ማንም ከጌጡ ጋር አያገናኘውም፣ ትናንት የበላሁት ነው ይላል። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ምንም ሳይላችሁ የከረመው ጉትቻ ጣርማበርን ወርዳችሁ ሸዋሮቢት ስትደርሱ ሊያሳክካችሁ ይችላል፣ ከ2800 ሜትር ወደ 1300 ሜትር ገደማ ስትወርዱ ላብ አለ፣ ላብ ደግሞ ኒኬሉን እያሟሟ ቆዳ ላይ ያወጣዋል።

ማተባችሁን በጥሱ አላልኩም ሃሃ፣ መስቀሏን በእንጨት ቀይሯት። የጂንስ ቁልፉን ከውስጥ በኩል ጨርቅ ስፉበት፣ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም መቀባትም ይሰራል ግን ስለሚላጥ ቶሎ ቶሎ መድገም አለባችሁ። ጆሮ አዲስ ለምታስበሱ ህፃናት አርተፊሻሉን ተዉት፣ ቲታንየም ወይም 21 ካራት ቢጫ ወርቅ ይሻላል፣ ነጭ ወርቅ የሚባለው ኒኬል ሊኖረው ይችላል። አለርጂው አንዴ ከያዘ አብዛኛውን ጊዜ እድሜ ልክ ነው፣ ስለዚህ መከላከሉ ላይ በርቱ። እርግጠኛ ለመሆን ቆዳ ሐኪም ጋ ጀርባ ላይ ተለጥፎ 48 ሰዓት የሚቆይ ምርመራ አለ።

ኒኬል አለው የለውም ለማለት ማግኔት ይዛችሁ ጌጥ ቤት አትዙሩ። ኒኬል ራሱ ማግኔት ይስበዋል፣ ከመዳብ ጋር ሲደባለቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይስበውም፣ ስቴንለስ ላይ ጭራሽ ይገለበጣል፣ 18/8 የሚል የተጻፈበት ማለትም 18 ፐርሰንት ክሮምየም 8 ፐርሰንት ኒኬል ያለው ድስት ማግኔት እምብዛም አይዝም፣ በደንብ የሚይዘው ነው ኒኬሉ በጣም ያነሰው። ስትሞክሩ ታዲያ ጎኑን ነው እንጂ ቂጡን አይደለም፣ ቂጡ ላይ ሌላ ብረት ሊለጠፍበት ይችላል።

አሁን ዋናው፣ በያጆች ስሙኝ። ከተማው እየተገነባ ስለሆነ የደረጃ ሃንድሬል በስቴንለስ የማይሰራ ሕንፃ የለም፣ ልጆቹ ደግሞ በር ዘግተው ይበይዳሉ፣ በግራይንደር ይሞርዳሉ፣ አፍንጫቸው ላይ ሻሽ ወይ የኮሮና ጊዜ ማስክ። የስቴንለስ ብየዳ ጭስ ውስጥ ኒኬልም ክሮምየምም አለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ደግሞ የኒኬል ውህዶችን በ1990 እ.ኤ.አ. ነው የሰው ካንሰር አምጪ ብሎ የመደባቸው፣ ሳንባና አፍንጫ ላይ ማለት ነው። ያ ጭስ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ሻሹን አልፎ ይገባል። ቢያንስ ኤን 95 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ማስክ ፊት ላይ ግጥም ብሎ ይደረግ፣ ከተቻለ ደጅ ነፋሱን በጎን አድርጋችሁ ስሩ፣ ጭንቅላታችሁን ከጭሱ በላይ አትድፉ። እና ወተት! ማታ ወተት ከጠጣሁ ያጥበዋል የሚል ስንት ሰው አለ፣ ወተት የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፣ ሳንባ የገባውን ብናኝ አይነካውም። ወተቱን ጠጡ፣ ማስኩን ግን ግዙ። የሥራ ልብሱን ከልጆች ልብስ ጋር አትጠቡት፣ እጅ ሳትታጠቡም እንጀራ አትቁረሱ።

ማብሰያ ላይ አዲስ ስቴንለስ ድስት መጀመሪያ ላይ ነው የበለጠ የሚለቀው፣ ሁለት ሦስቴ ሎሚ ያለበት ውሃ አፍልታችሁ ድፉት፣ የቲማቲም ስልስም ውስጡ አታሳድሩ። ምስር፣ ሽምብራ፣ አጃ፣ ለውዝ በተፈጥሯቸው ኒኬል አላቸው፣ ይሄ ግን አለርጂው ለጠናበት ሰው ብቻ ነው የሚያሳስበው፣ እሱም ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ፣ በጾም ምስር ትተን ምን ልንበላ ነው።

የሚጠጣ ውሃ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ለኒኬል ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 0.07 ሚሊግራም ነው። የሚያብለጨልጭ ቧንቧ ከክሮሙ ስር ኒኬል ስላለው ሲያድር የቆመው ውሃ ውስጥ ትንሽ ይገባል፣ ጠዋት የመጀመሪያውን በባልዲ ተቀብላችሁ ለወለል አድርጉት፣ በፈረቃ በሚመጣ ውሃ መድፋት ነውር ነው። ማፍላት አያወጣውም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን ኒኬሉ ይቀራል፣ ውሃ አጋርም ጀርም ነው የሚገድለው። የጉድጓድ ውሃ ከጠረጠራችሁ ላብራቶሪ ስትወስዱ ኒኬል ብላችሁ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ፣ ውሃ ይመርመርልኝ ካላችሁ ባክቴሪያውን ብቻ አይተው ሊመልሷችሁ ይችላሉ፣ መያዣውንም ከእነሱ ተቀበሉ፣ ከቤት በስቴንለስ ፔርሙስ ይዛችሁ እንዳትሄዱ።