ለአካባቢያችሁ ፈጣን ኢንተርኔት ማምጣት ከፈለጋችሁ ፕላኑን እንዲህ ጀምሩት

የአካባቢ አስተዳደር ውስጥ ሚሰሩ ብዙ ሰዎች ስለ ብሮድባንድ (ፈጣን ኢንተርኔት) ሲነሳ "እሱ የቴሌኮሞቹ ስራ ነው፣ እኛን አያገባንም" ይላሉ። እውነት ነው ኬብሉን ሚዘረጋውም ሰርቪሱን ሚሸጠውም አብዛኛውን ጊዜ ኩባንያ ነው፣ ግን ኬብሉ ሚያልፍበት መንገድ የማነው? ቁፋሮውን ሚፈቅደው ማነው? የመብራት ፖሉ፣ የውሃ ታንከሩ የተሰራበት ጉብታ፣ የትምህርት ቤቱ ጣራ በማን እጅ ነው ያለው? ፋይበር (ዳታን በብርሃን ሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ገመድ) ሲዘረጋ ደሞ ትልቁን ገንዘብ ሚበላው ገመዱ ሳይሆን ቁፋሮው ነው፣ የአውሮፓ ኮሚሽን እራሱ የሲቪል ስራው (ቁፋሮና ግንባታው) ከጠቅላላ ወጪው እስከ 80 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል ሲናገር ነው የኖረው። ስለዚ ቁፋሮውን ያረከሰ ኢንተርኔቱን አረከሰ፣ እሱን ማድረግ ሚችለው ደሞ ኩባንያው ሳይሆን የአካባቢና የክልል ፕላን ነው። እዚ ጽሁፍ ላይ ያለውን ለአስተዳደር ሰራተኛም ለነዋሪ ኮሚቴም እንዲሆን አድርጌ ነው የጻፍኩት፣ አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ማፕ ነው። ግን የኩባንያዎቹን የሽፋን ማፕ ብቻ ይዛችሁ እንዳትነሱ። አሜሪካ ውስጥ የሆነውን እዩ፣ ለብዙ አመት ኩባንያዎች ለኤፍሲሲ (የአሜሪካ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት) ሪፖርት ሲያደርጉ በአንድ የቆጠራ ብሎክ (ለህዝብ ቆጠራ ተብሎ የተከለለ ቦታ) ውስጥ አንድ ቤት እንኳን ሰርቪስ ማግኘት ከቻለ ብሎኩ በሙሉ እንደተዳረሰ ይቆጠር ነበር፣ ገጠር ላይ ደሞ አንድ ብሎክ በጣም ሰፊ ነው፣ ስለዚ ወረቀት ላይ ኢንተርኔት ያለው ግን መሬት ላይ ምንም የሌለው ቤት መአት ሆነ፣ ድጎማም ሲመጣ "እናንተማ ተዳርሳችኋል" እየተባለ ያልፋቸው ነበር። በ2020 የወጣ ህግ ይሄን ቀይሮ በየቤቱ እንዲቆጠር አደረገ፣ አዲሱ ማፕ ኖቬምበር 2022 ላይ ሲወጣ ሰዉ የራሱን ቤት ፈልጎ "ይሄ ልክ አይደለም" ብሎ መቃወም ቻለ። ከዚ ሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፣ መቁጠሪያችሁ ሰፈር ሳይሆን ቤት ይሁን፣ ነዋሪውም ማፑን አይቶ ሚያስተካክልበት መንገድ ይኑረው።

የራሳችሁን ዳታ ስትሰበስቡ ኦንላይን ፎርም ብቻ ለቃችሁ መልስ አትጠብቁ፣ ኢንተርኔት የሌለው ሰው እንዴት ብሎ ነው ኦንላይን ሚሞላው? ውጤቱ ሁሌ ከእውነቱ አሪፍ ሆኖ ይወጣባችኋል። ወረቀት አሳትሙ፣ አንድ ገጽ በቂ ነው፣ ቤቱ የት ነው፣ አሁን ምን አይነት ኮኔክሽን አለ፣ በወር ስንት ይከፈላል፣ በየትኛው ሰአት ይብስበታል፣ ማይጠቀሙ ከሆነ ለምን አይጠቀሙም። ተማሪዎች ወደ ቤት ይውሰዱት፣ ጤና ጣቢያ ላይም ይቀመጥ፣ አቅመ ደካማ ቤት ሰው ሄዶ ይሙላላቸው። ባዶ የመጣ ወረቀትም ዳታ ነው፣ የት ሰፈር ብዙ ባዶ እንደመጣ መዝግቡ።

ፍጥነት ሚለካ ሰው ደሞ ሰአቱን ይጻፍ፣ በዋይፋይ ይሁን በኬብል ይጻፍ፣ ከዳውንሎዱ ጋር አፕሎዱንና ሌተንሲውንም (ዳታው ደርሶ እስኪመለስ ሚፈጀውን ጊዜ) ይጻፍ። ጠዋት የተለካና ማታ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ ሲከፍት የተለካ አንድ አይደሉም፣ ለፕላን ሚጠቅማችሁ የማታው ነው። ሜጋቢትና ሜጋባይትንም አታምታቱ፣ 1 ባይት 8 ቢት ነው፣ ስለዚ 100 ሜጋቢት በሰከንድ ተብሎ የተሸጠ መስመር ፋይል ስታወርዱበት ቢበዛ በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ነው። ለመነሻ መለኪያ ከፈለጋችሁ ኤፍሲሲ በ2024 ብሮድባንድ ማለት ቢያንስ 100 ሜጋቢት ዳውንሎድና 20 ሜጋቢት አፕሎድ ነው ብሏል፣ ከዛ በፊት ከ2015 ጀምሮ 25 እና 3 ነበር። እንደዚ መለኪያው ከፍ እያለ ስለሚሄድ ዛሬ በቃ በተባለው ልክ ብቻ አትገንቡ።

ዳታው ሲገባ ሰዉን በሶስት ክፈሉት፣ ጭራሽ ኔትወርክ የማይደርሰው፣ ደርሶት ግን ቀርፋፋ ወይ ሚቆራረጥበት፣ እና ኔትወርኩ እያለ ማይጠቀም። ሶስተኛው ላይ ሰው አይኑን አያሳርፍም፣ ግን በአለም ደረጃ ትልቁ ቁጥር እሱ ነው። አይቲዩ (የተባበሩት መንግስታት የቴሌኮም ድርጅት) በ2024 ወደ 2.6 ቢሊዮን ሰው ከኢንተርኔት ውጪ እንዳለ ነው የገለጸው፣ አብዛኛው ደሞ ሚኖረው የሞባይል ኔትወርክ በሚደርስበት ቦታ ነው፣ የማይጠቀመው ዋጋው ስለሚከብደው፣ ስልክ ወይ ኮምፒውተር ስለሌለው፣ አጠቃቀሙን ስላልለመደ፣ ወይ በሚገባው ቋንቋ ሚጠቅመው ነገር ስላላገኘ ነው። ለእነዚ ሰዎች ታወር ብትጨምሩላቸው ምንም አይለወጥም። የተባበሩት መንግስታት የብሮድባንድ ኮሚሽን የመነሻ ፓኬጅ ዋጋ ከወርሃዊ የነፍስ ወከፍ ገቢ ከ2 በመቶ በታች እንዲሆን ግብ አስቀምጧል፣ እናንተም ይሄን ስሌት በአካባቢያችሁ ገቢ ስሩት፣ አማካዩ የደሃውን ቤት ስለሚደብቅ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ለብቻ አውጥታችሁ ስሩት።

ቀጥሎ ፍላጎቱን ሰብስቡ። ኩባንያ ወደ እናንተ ማይመጣው ብዙ ጊዜ ደንበኛው የተበታተነ ስለሚመስለው ነው። ትምህርት ቤቱ ለብቻው፣ ጤና ጣቢያው ለብቻው፣ አስተዳደሩ ለብቻው፣ ላይብረሪው ለብቻው ይዋዋላል፣ ሁሉም ትንሽ ናቸው። አንድ ላይ አድርጋችሁ ለብዙ አመት ሚቆይ አንድ ጨረታ ብታወጡ ግን ኩባንያው ቋሚ ገቢ አገኘ ማለት ነው፣ መስመሩን ለመሳብ ምክንያት ሆነው። ውሉ ላይ ግን ይሄን አስገቡ፣ ወደ ጤና ጣቢያው ሚሄደው ኬብል ለጤና ጣቢያው ብቻ እንዳይሆን። በመንገዱ ላይ ባሉ ሰፈሮች አጠገብ ማንሆልና መገጣጠሚያ ሳጥን ይተው፣ እዛ ውስጥ ተጠቅልሎ ሚቀመጥ ትርፍ ኬብል ይኑር፣ ኬብሉም 12 ክር ከሚሆን 96 ይሁን፣ ምክንያቱም ከቁፋሮው ጋር ስታወዳድሩት የክሩ ልዩነት ትንሽ ነው፣ ሁለተኛ ከመቆፈር በብዙ ይሻላል። ይሄ ካልተጻፈ ኬብሉ በሰው ደጃፍ አልፎ ሄዶ ሰዉ ግን ሳይገናኝ ይቀራል፣ እና እንደዚ አይነት ነገር በጣም ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ትንሽ ወጪ ነው የጎደለው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ አንዴ መቆፈር። መንገድ ሲሰራ፣ የውሃ ቱቦ ሲቀበር፣ የፍሳሽ መስመር ሲዘረጋ መሬቱ ለማንኛውም ተከፍቷል፣ በዛች ቀን ባዶ ዳክት (ኬብል ሚያልፍበት ቱቦ) ማስቀመጥ በኋላ አስፋልት ቆርጦ ከመግባት ጋር አይወዳደርም። ይሄ እንዲሆን ግን ሚያስፈልገው ቴክኖሎጂ ሳይሆን ካሌንደር ነው። መንገድ፣ ውሃ፣ መብራትና ቴሌኮም በየወሩ ቁጭ ብለው በሚቀጥለው አመት የት እንደሚቆፍሩ አንድ ማፕ ላይ ያስቀምጡ፣ ፕላኑ ያልታወቀ መስሪያ ቤት ፈቃድ አያግኝ፣ ድንገተኛ ጥገና ካልሆነ በቀር። በአውሮፓ ህብረት በ2014 የወጣው ዳይሬክቲቭ (ለአባል አገራቱ የወጣ መመሪያ) ይሄንኑ ነበር ሚለው፣ ያለውን መሰረተ ልማት መጋራትና ቁፋሮን ማቀናጀት፣ በ2024 ደሞ ጠንከር ባለ ህግ ተተክቷል።

ዳክቱ ሲቀበር ሰው ቆሞ ይይ። ባዶ ቱቦ መቅበር ቀላል ይመስላል ግን በኋላ ማይሰራ ሆኖ ሚገኘው በጥቃቅን ነገር ነው። ጫፎቹ በክዳን ካልተዘጉ ጭቃ ይገባና ይደፈናል። ውስጡ መጎተቻ ገመድ ካልተተወ ኬብል ማስገባት ስቃይ ነው። መታጠፊያው ላይ ቱቦው ድንገት ከታጠፈ ኬብሉ አያልፍም። ከላዩ ማስጠንቀቂያ ቴፕ ካልተነጠፈ የሚቀጥለው ኤክስካቫተር ይበጥሰዋል፣ ፕላስቲክ ስለሆነ በመፈለጊያ መሳሪያ እንዲገኝ አብሮት ሽቦ መቀበር አለበት። ከሁሉም በላይ አፈር ከመመለሱ በፊት በጂፒኤስ ይመዝገብ፣ ጥልቀቱም ይጻፍ፣ ፎቶም ይነሳ። የት እንዳለ ማይታወቅ ዳክት እንደሌለ ነው ሚቆጠረው።

ፈቃዱን በተመለከተ ብዙ አልልም፣ አንድ መስኮት፣ የታወቀ የቀን ገደብ፣ እና ከአስተዳደሩ ትክክለኛ ወጪ ጋር የተያያዘ ክፍያ። ፈቃድን ገቢ መሰብሰቢያ ያደረገ አካባቢ መጨረሻ ላይ ሚከፍለው የራሱ ነዋሪ ነው፣ ኩባንያው ወጪውን ወርሃዊ ሂሳብ ላይ ይጨምረዋል ወይ ጭራሽ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ፖል ላይ ደሞ ከስራው በፊት ማን ምን እንደሚከፍል ይወሰን፣ አዲስ ኬብል ለመስቀል የድሮዎቹን ማንቀሳቀስ ወይ ፖሉን መቀየር ካስፈለገ ፕሮጀክት ወራት ሚቆምበት ጭቅጭቅ ይመጣል፣ የተበላሹትን ፖሎች ቀድማችሁ ቆጥሩ።

ቴክኖሎጂ ምርጫው ላይ ሻጭ ፕላናችሁን እንዲጽፍላችሁ አትፍቀዱ። ሰው ጠጋ ጠጋ ብሎ ሚኖርበት ቦታ ፋይበር ነው፣ የመጀመሪያ ወጪው ቢከብድም ገመዱ አስርት አመታት ይቆያል፣ ሚቀየረው ጫፍና ጫፉ ላይ ያለው መሳሪያ ነው። ጂፖን ሚባለው፣ አንድ የፋይበር መስመር ለብዙ ቤት ሚያካፍለው የተለመደው ሲስተም እስከ 20 ኪሎሜትር ድረስ 2.5 ጊጋቢት ዳውንሎድ ይሰጣል፣ ለ32 ቤት ከተከፋፈለና ሁሉም በአንድ ጊዜ እኩል ቢስቡ ለአንዱ 78 ሜጋቢት አካባቢ ይደርሰዋል፣ ስለዚ ኩባንያውን "አንዱን መስመር ለስንት ቤት ነው ምታካፍሉት" ብላችሁ ጠይቁ። ራቅ ብለው ለተበተኑ ቤቶች ገመድ አልባ ይሻላል፣ እሱ ግን ታወሩና ቤቱ መሀል ኮረብታም ዛፍም እንዳይጋርድ ይፈልጋል፣ ዛፍ ደሞ ያድጋል። መብራትም አስቡ፣ ባትሪ የሌለው ታወር መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ቤቶች ጋር ሳተላይት አለ፣ 500 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሚዞሩት አዳዲሶቹ ለቪዲዮ ኮል ይሆናሉ፣ 35,786 ኪሎሜትር ላይ ያሉት የድሮዎቹ ግን ደርሶ መልሱ ግማሽ ሰከንድ አካባቢ ወይ ከዛ በላይ ስለሚወስድ ንግግሩ ይጋጫል።

ክልል ሚያስፈልገው እዚ ጋር ነው። አንድ ትንሽ አካባቢ ሰፈሩን በሙሉ ፋይበር ቢያደርግ እንኳን ከዋናው መስመር ጋር ሚያገናኘው ቀጭን ወይ ውድ ከሆነ ሁሉም ነገር እዛ ላይ ይታነቃል። ጎረቤት አስተዳደሮች አንድ ላይ ሆነው በዚ ዋና መስመር (ባክቦን) ላይ ቢደራደሩ ዋጋው ይወርዳል፣ መስመሩም በቀለበት መልክ በሁለት አቅጣጫ እንዲገባ ማድረግ ይችላሉ፣ አንዱ ሲበጠስ በሌላው ይዞራል። በአንድ መስመር ላይ የተንጠለጠለ ክልል አንድ ኤክስካቫተር ሆስፒታሉንም ባንኩንም አንድ ላይ ያጠፋዋል።

ባለቤትነቱ ላይ ሰዎች የተለያየ መንገድ ሄደዋል። ስቶክሆልም በ1994 ስቶካብ ሚባል ድርጅት አቋቁሞ ፋይበሩን ብቻ እየዘረጋ ለሁሉም ያከራያል፣ ኢንተርኔት ራሱን አይሸጥም። አሜሪካ ውስጥ ቻታኑጋ በምትባል ከተማ የከተማው የኤሌክትሪክ ድርጅት በ2010 ለደንበኞቹ የጊጋቢት ሰርቪስ እራሱ መሸጥ ጀመረ። እንግሊዝ አገር ገጠር ላንክሻየር ውስጥ ቢፎርኤን ሚባል የነዋሪዎች ድርጅት በ2011 ሲቋቋም ነዋሪዎቹ ሼር ገዝተው፣ ባለመሬቶቹ ያለክፍያ አሳልፈው፣ ራሳቸው ቆፍረው ነው የዘረጉት። ስፔን፣ ካታሎንያ ውስጥ ደሞ ጊፊኔት ሚባለው ከ2004 ጀምሮ በነዋሪዎች የጋራ ኔትወርክነት አድጓል። የኔ ሀሳብ ለትንሽ አስተዳደር የስቶክሆልሙ መንገድ ይቀላል ነው፣ ዳክቱንና ፋይበሩን ያዙ፣ ሌሊት ስልክ ማንሳቱንና ሂሳብ መሰብሰቡን ለኩባንያዎች ተዉላቸው፣ ከአንድ በላይ ኩባንያ በእኩል ዋጋ እንዲገባ ብቻ አስገድዱ። ነዋሪው ጠንካራ ማህበር ካለው ግን የላንክሻየሩ አይነት ሚናቅ አይደለም።

ድጎማ ምትሰጡ ከሆነ ውሉ ላይ ጨክኑ። ኩባንያው አትራፊውን መሀል ሰፈር ሰርቶ ዳር ዳሩን "ምዕራፍ ሁለት" እንዳይለው ሩቅ ያሉት ቤቶች በስም ዝርዝር ይግቡ፣ ክፍያውም በተገናኘው ቤት ቁጥር ልክ ይለቀቅ። ብልሽት በስንት ሰአት እንደሚጠገን፣ ዋጋው ለስንት አመት እንደማይጨምር፣ ኩባንያው ቢከስር ወይ ቢሸጥ መስመሩ ለማን እንደሚቀር ከፊርማው በፊት ይጻፍ። የመጨረሻውን ክፍያ ደሞ ሁለት ነገር እስኪመጣ ያዙት፣ አንደኛው ኬብሉ በትክክል ያለፈበትን ሚያሳይ ሙሉ የጂፒኤስ ፋይል ነው፣ ሁለተኛው ከዝርዝሩ ውስጥ እናንተ በመረጣችኋቸው ቤቶች በማታ ሰአት በኬብል የተለካ የፍጥነት ውጤት።