የማዳበሪያ ድጎማ ለገበሬው ገቢ ሳይሆን የሚቀርባቸው ስህተቶች

ኢትዮጵያ ማዳበሪያዋን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ከውጭ ታስገባለች። ጅቡቲ የሚራገፉት ዩሪያና ኤንፒኤስ የተባሉት ማዳበሪያዎች በዩኒየኖችና በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ቀበሌ ይደርሳሉ። መንግሥት ድጎማ ሲያደርግ ገንዘቡ በገበሬው እጅ አይገባም፤ ከረጢቱ ዋጋ ላይ ይቀነሳል። ይህ ቅናሽ በአውድማ ላይ ስንት ኪሎ እህል ሆኖ እንደሚወጣ የሚወስኑት ከታች ያሉት ነገሮች ናቸው።

ለስሌት እንዲያመች በቆሎ እንያዝ። 50 ኪሎ የምትመዝን የዩሪያ ከረጢት ከድጎማ ጋር 3,500 ብር፣ ያለ ድጎማ 4,500 ብር፣ አንድ ኪሎ በቆሎ ደግሞ 28 ብር ነው እንበል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ስለሆኑ በየአካባቢዎ ዋጋ ይተኳቸው።

ድጎማውን በብር ብቻ መቁጠር

1,000 ብር ቅናሽ ትልቅ ይመስላል። በእህል ሲመነዘር ግን 36 ኪሎ በቆሎ ነው። ከረጢቷ ራሷ ደግሞ 125 ኪሎ በቆሎ ትፈልጋለች (3,500 ለ28 ሲካፈል)። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ከረጢቷ ከ125 ኪሎ በላይ ስንት ጨመረች የሚለው ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስለሆነ ከረጢቷ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አላት። ደህና በተያዘ ማሳ እያንዳንዱ ኪሎ ናይትሮጅን 12 ኪሎ በቆሎ ቢጨምር 276 ኪሎ ይገኛል፤ ወጪው ተሸፍኖ 151 ኪሎ ይተርፋል። ዝናብ ሊያጥር፣ ዋጋ ሊወድቅ ስለሚችል የተጨማሪው ምርት ዋጋ ቢያንስ የማዳበሪያውን ወጪ እጥፍ ሊሆን ይገባል። ከዚያ በታች ከሆነ አደጋውን የተሸከመው ገበሬው ብቻ ነው።

ረከሰ ብሎ መደራረብ

ሁለተኛዋ ከረጢት የመጀመሪያዋን ያህል አትሰጥም። በዚያው ማሳ አንድ ኪሎ ናይትሮጅን 6 ኪሎ ብቻ ቢጨምር 138 ኪሎ ይገኛል፤ ለ125 ኪሎ ወጪ የተረፈው 13 ኪሎ ነው። የአጨዳውና የመፈልፈያው ጉልበት ያንን ይበላዋል።

ዩሪያን ያለ ጊዜውና ያለ አፈር መበተን

ገቢ በብዛት የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፤ ማስተካከያው ደግሞ ብር አይጠይቅም። ዩሪያ በአፈር ላይ ተበትኖ ሳይሸፈን ሲቀር ናይትሮጅኑ ወደ አሞኒያ ጋዝ ተለውጦ አየር ላይ ይበናል። ሞቃትና ፀሐያማ ቀን ይህን ያፋጥነዋል። ውኃ በሚያቁር ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ አየር በማጣት ናይትሮጅኑ በሌላ መንገድ ወደ ጋዝ ተቀይሮ ያመልጣል፤ ስለዚህ ማሳውን ማጠንፈፍ ከማዳበሪያው ይቀድማል።

ኤንፒኤስ በመዝሪያ ጊዜ ይገባል፤ ከመቶ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌትና 7 ድኝ አለው፤ ፎስፌቱን ሥሩ ከመጀመሪያው ቀን ይፈልገዋል። ዩሪያው ግን ይከፈላል። ለበቆሎ ከፊሉ በዘር ወቅት፣ ቀሪው ከ35 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ፣ ተክሉ ጉልበት ሲደርስ፣ አረሙ ከታረመ በኋላ፣ አፈሩ እርጥብ ሲሆን። ከግንዱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቆ ማስቀመጥና ወዲያው በአፈር መሸፈን። ለስንዴና ለጤፍ ሁለተኛው ዙር ቡቃያው ከሥሩ ተጨማሪ ቅርንጫፍ ማውጣት ሲጀምር ነው። አረም ሳይታረም የተጨመረ ዩሪያ የሚመግበው አረሙን ነው።

በጊዜና በአያያዝ ጉድለት 12ቱ ኪሎ ወደ 5 ቢወርድ ከረጢቷ 115 ኪሎ ብቻ ትሰጣለች፤ ድጎማ እያለም ኪሳራ ነው። ልዩነቱ 161 ኪሎ ሲሆን የድጎማው ዋጋ 36 ነበር።

በአሲዳማ መሬት ላይ ኖራ ሳይጨምሩ ማዳበሪያ መጨመር

በምዕራብ ጎጃም፣ በአዊ፣ በወለጋና በሌሎች ዝናብ የሚበዛባቸው ደጋዎች አፈሩ ብዙ ጊዜ አሲዳማ ነው። ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 ሲወርድ በአፈሩ ያሉት አልሙኒየምና ብረት ፎስፌቱን ይይዙታል፣ ሥሩም ይደነድናል። ኖራውን ከመዝራት ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ በትኖ በማረስ መቀላቀል ያስፈልጋል። መጠኑን የአፈር ምርመራ ይወስናል። ሙሉውን መግዛት ያልቻለ በየዓመቱ የተወሰነውን በዘር መስመሩ ላይ ቢያደርግም ይጠቅማል። በእንዲህ ያለ ማሳ የመጀመሪያው ብር ከዩሪያ ይልቅ ለኖራ ይውጣ።

በእኩል ሲያርሱ ስለ ማዳበሪያ ሳይዋዋሉ መዝራት

አራሹ ማዳበሪያውን ገዝቶ ምርቱ እኩል ቢካፈል ከ276ቱ ለእሱ የሚደርሰው 138 ነው። 125 ከፍሎ 13 ኪሎ ሲቀረው ባለ መሬቱ ምንም ሳያወጣ 138 ያገኛል። ድጎማው ለመሬቱ ኪራይ ሆነ ማለት ነው። ይህ በደል ሳይታወቅ የሚፈጸም ስለሆነ ከዘር በፊት በሽማግሌ ፊት መነጋገር ይገባል፤ የማዳበሪያው ወጪ ከአውድማ ቀድሞ ይነሣና ቀሪው ይካፈል። ያኔ ለእያንዳንዳቸው 75 ኪሎ ይደርሳል።

ከረጢቷን ለነጋዴ ማስተላለፍ

የቸገረው 5,000 ብር ሲሰጡት 1,500 አተረፍኩ ይላል። በማሳው ላይ የምትተርፈው 151 ኪሎ ግን 4,228 ብር ነው። ድርጊቱም በሕግ ያስጠይቃል።

ዕዳ ለመክፈል በጥር ሁሉንም መሸጥ

ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያወጣ ዋጋ ይወድቃል። ኪሎው ከ28 ወደ 22 ብር ቢወርድ ያችው ከረጢት የምትፈልገው በቆሎ ከ125 ወደ 159 ኪሎ ይወጣል። ዕዳውን የሚከፍለውን ብቻ ሸጦ ቀሪውን ማቆየት ይሻላል። እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች እስኪሆን ማድረቅ፣ ከዚያ ሁለት የላስቲክ ሽፋን በውስጡ ባለው አየር የማያስገባ ከረጢት መሙላትና እያንዳንዱን ሽፋን ለየብቻ አጥብቆ ማሰር ነቀዙን ያፍነዋል።

በአምናው ዋጋ ማቀድ

ድጎማ በየዓመቱ የሚወሰን ነው። በ2014 ዓ.ም. የተጀመረው የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት የዓለምን የማዳበሪያ ዋጋ አንሮታል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የዶላሩ ጭማሪ ከውጭ የሚገባውን ማዳበሪያ ዋጋ አናረው። ስለዚህ የማዳበሪያ ፍላጎት በቀበሌ ሲመዘገብ ከድጎማ ጋርም ያለ ድጎማም ያለውን ዋጋ ማስላት ያስፈልጋል። በምሳሌያችን ያለ ድጎማ ከረጢቷ 161 ኪሎ በቆሎ ትፈልጋለች፤ 276 የሚሰጥ ማሳ ያኔም ይከፍላል፣ የተጨማሪው ምርት ዋጋ ግን ከወጪው እጥፍ በታች ይሆናል። ከዚያ ያነሰ የሚሰጠው ማሳ ዘንድሮ ባቄላ ወይም ሽምብራ ቢዘራበት ይሻላል፤ ጥራጥሬ ናይትሮጅኑን ከአየር ስለሚያገኝ ዩሪያ አይጠይቅም።