የሞተር ሳይክል የቴስታታ ጓርኒሲዮን፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና አቀያየሩ

ከደጀን ሁለት ሰው ጭኖ ዓባይ በረሃ የወረደ ሞተር፣ ዳገቱን ሲመለስ ጉልበት ቢያጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካርቡሬተሩ ነው። ካርቡሬተሩ ይታጠባል፣ ካንዴላ ይቀየራል፣ ሞተሩ ግን ያው ነው። ያኔ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሲሊንደሩና በአናቱ (በቴስታታው) መሃል ገብቶ ግፊት እንዳያመልጥ የሚደፍነውን ስስ ንጣፍ፣ መጠርጠር ነው። የማወራው በአየር ስለሚቀዘቅዙት ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች ነው። ውሃ ስለሌላቸው እንደ መኪና ነጭ እንፋሎት አትጠብቁ።

ጉልበት አነሰ፣ መርገጫውም ቀለለ

ይህ ከፋሻ (ከፒስቶኑ ቀለበት)፣ ከቫልቭ ወይም ከጓርኒሲዮን ሊመጣ ይችላል። ሳትፈቱ ለዩት። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩ። ካንዴላውን መልሳችሁ ርገጡ። መርገጫው ከበድ ካለ ፋሻው አልቋል። ካልተለወጠ ቴስታታውና ሲሊንደሩ የሚገጥሙበትን መስመር፣ ኢንጂኑ ቀዝቃዛ እያለ፣ በሳሙና ውሃ ቀቡና ደጋግማችሁ ርገጡ። አረፋ ከነፋ ጓርኒሲዮኑ ነው። በማርሚታው ወይም በካርቡሬተሩ በኩል “ፍስስ” የሚል ከሆነ ቫልቭ ነው።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ጓርኒሲዮኑ በታይሚንግ ካቴናው (ቫልቮቹን በሚያንቀሳቅሰው ሰንሰለት) መተላለፊያ በኩል ከተቃጠለ ውጭ አረፋ አይታይም። ግፊቱ ወደ ውስጥ ይገባና በኢንጂኑ መተንፈሻ ቱቦ ይወጣል። ቱቦውን ነቅላችሁ መዳፋችሁን ደቅኑበት። ችግሩ ፋሻም ቢያልቅ እዚያው ይነፋል፤ ስለዚህ የዘይቱን ሙከራ አትዝለሉ።

ሲሊንደሩ ዙሪያ ዘይት

ቶሎ አትፍረዱ። ከላይ ከቫልቭ ክዳኑ የወጣ ዘይት በክንፎቹ ላይ ወርዶ አቧራ ይይዝና ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ሁሉንም በቤንዚን አጥባችሁ አድርቁ። ፓውደር ነስንሱበት፣ ትንሽ ነድታችሁ እዩ። መጀመሪያ የረጠበው ቦታ ይነግራችኋል። የታችኛው መጋጠሚያ ከሆነ የሲሊንደሩ የሥር ጓርኒሲዮን ነው።

ለምን ተቃጠለ?

አብዛኛውን ጊዜ ከሙቀት ነው። ክንፎቹ መሃል የደረቀ የክረምት ጭቃ፣ የጎደለ ዘይት፣ የሳሳ ነዳጅ (ለአየሩ ያነሰ ቤንዚን)። የመጨረሻው ለእኛ አገር ልዩ ነው። ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ደጋ ናቸው፤ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። መካኒኩ በትንሽ ጄት (ቤንዚኑ በሚያልፍባት የካርቡሬተር ቀዳዳ) ይቀንሰዋል። እዚያው ለሚውል ደግ ነው። ያው ሞተር ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል በረሃ ሲወርድ ግን ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ይግላል። ይህ ሳይስተካከል አዲስ ጓርኒሲዮን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ሲገዛ

“የ150 ስጠኝ” ብላችሁ አትመለሱ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የቦክሰር 150 ሲሊንደር ስፋት 56 ሚሊሜትር ነው። የሲጂ 125 ደግሞ 56.5 ነው። ግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት ስለሆነ በዓይን አንድ ይመስላሉ። ግን ሲጂው ቫልቩን በዘንግ ነው የሚገፋው፤ ቦክሰሩ ካቴና አለው፤ ቀዳዳዎቻቸው አይገጥሙም። የዘይት መተላለፊያውንና የፒን ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ አነጻጽሩ።

ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ገብቶ የሰፋ ከሆነ ይህንንም አስቡ። የጓርኒሲዮኑ ቀዳዳ ከሲሊንደሩ ጠቦ ጠርዙ ወደ ውስጥ ካሾለከ ይግላል፣ ቤንዚኑን ያለጊዜው ያቀጣጥላል። ውፍረቱም እንደ አሮጌው ይሁን። ሁለት መደረብ ኮምፕሬሽን ይቀንሳል። ከካርቶን የሚቆረጠው ለክዳን እንጂ ለቴስታታ አይሆንም።

ሲገጠም

ኢንጂኑ ቀዝቅዞ ይፈታ። ዳዶዎቹ በየዲያጎናሉ በጥቂት በጥቂቱ ይፈቱ። ካቴና ካለው መጀመሪያ ፒስቶኑን በምልክቱ ላይኛው ጫፍ አድርሱ፣ መወጠሪያውን አላሉ፣ ካቴናውን በሽቦ እሰሩ። ውስጥ ከወደቀ ሌላ ሥራ ነው።

አሮጌውን ስትፍቁ አሉሚኒየሙን አትጫሩ፤ ግራይንደር አታስጠጉ። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቴስታታው ላይ በማዕዘን አጋድሙ። የ0.05 ሚሊሜትር ፊለር ጌጅ (ስስ የክፍተት መለኪያ ቅጠል) ከሥሩ ካለፈ ጠሟል፤ ቶርኖ ቤት ይስተካከል። ሲልከን መቀባት ከድጡ ወደ ማጡ ነው። የተረፈው ተገፍቶ የዘይቱን መንገድ ይዘጋና ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት ይደርቃል።

ፒኖቹን መልሱ፣ ጓርኒሲዮኑን ደረቁን አስቀምጡ። ዳዶዎቹን በዲያጎናል፣ በሦስት ዙር አጥብቁ። የመጨረሻው ልክ ከማኑዋሉ ይወሰድ፤ የ8 ሚሊሜትር ብሎን ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ነው። በረጅም ቁልፍ “ትንሽ ልጨምርለት” የሚል መካኒክ ካያችሁ እጁን ያዙት፤ የአሉሚኒየም ጥርስ አይችልም።

ከማስነሳታችሁ በፊት ኢንጂኑን በእጅ ሁለት ዙር አዙሩ፤ የሚነካ ነገር ካለ ያኔ ይታወቃል። የቫልቭ ክፍተቱን በቀዝቃዛው ለኩ። አስነስታችሁ አሙቁት፣ አጥፉት፣ እስኪበርድ ጠብቁና መጋጠሚያውን እንደገና በሳሙና ውሃ እዩ።