ለአስም ፓፍ ከሃይላንድ ጠርሙስ ስፔሰር እንዴት ይሠራል

ለብዙ ዓመታት የአስም ፓፌን በቀጥታ ወደ አፌ እየነፋሁ ስወስድ ኖሬአለሁ። ከቅዳሜ ገበያ ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስወጣ ደረቴ ሲያፍነኝ ሁለት ጊዜ እጫነዋለሁ፤ ምላሴ ላይ ምሬት ይቀራል እንጂ ትንፋሼ አይከፈትም። መድኃኒቱ የተበላሸ መስሎኝ ሌላ የገዛሁበትም ጊዜ አለ።

አየር በጉሮሮ አልፎ በዋናው የአየር ቧንቧ ይወርድና ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሳንባ ይከፈላል፤ ከዚያም እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ከ20 ጊዜ በላይ እየተከፋፈለ እስከ አየር ከረጢቶቹ ይደርሳል። በአስም ጊዜ የቧንቧዎቹ ውስጠኛ ግድግዳ ያብጣል፣ በዙሪያቸው ያለው ጡንቻ ይጨመደዳል፣ አክታም ይሞላቸዋል። ከፓፉ በፍጥነት የሚወጣው ጭጋግ ግን አብዛኛው የጉሮሮውን መታጠፊያ መዞር ሳይችል እዚያው ይለጠፋል። ስፔሰር በፓፉና በአፍ መካከል ገብቶ ይህን ፍጥነት የሚያበርድ ባዶ ዕቃ ነው። ፋርማሲ ከተገኘ መግዛቱ ይመረጣል፤ ካልተገኘ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ንጹሕ ሃይላንድ ይበቃል።

ከባዱ ሥራ ቀዳዳው ነው። ቀዳዳው የሚወጣው በጠርሙሱ ቂጥ በኩል ሲሆን፣ የጠርሙሱ አፍ ለእኛ አፍ ይቀራል። እኔ መጀመሪያ በቢላዋ ቆርጬ ስለሰፋብኝ ጭጋጉ በዳር በኩል ሲያመልጥ በዓይኔ አየሁት። ስለዚህ ቢላዋን አልመክርም። ወፍራም ሽቦ በፓፉ አፍ ዙሪያ ጠምዝዞ ቅርጹን ማውጣት፣ ከዚያም ጥቂት ማጥበብ ይገባል። ሽቦው በቡና ከሰል ላይ እስኪግል ድረስ ቆይቶ በጉጠት ተይዞ የጠርሙሱ ቂጥ ላይ ሲጫኑት ፕላስቲኩ ቀልጦ ልክክ ያለ ቀዳዳ ይከፈታል። የፓፉ አፍ ገፋ ሲያደርጉት ብቻ የሚገባ መሆን አለበት፤ የቀረ ክፍተት ካለ በፕላስተር ይደፈናል። ይህን ሥራ አስም የሌለበት ሰው፣ ደጅ ላይ ይሥራው። እኔ ክረምት ስለነበር ማድ ቤት በሩን ዘግቼ ስሠራ የተቃጠለው ፕላስቲክ ጭስ ራሴኑ አፍኖኝ፣ ያልተጠናቀቀውን ጠርሙስ ጥዬ ወደ ውጭ ሮጫለሁ።

ጠርሙሱ በለብታ ውኃና በጥቂት ላርጎ ይታጠባል፤ ውስጡን ግን በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅም በጨርቅ መወልወልም አይገባም። ደረቅ ፕላስቲክ ሲታሽ አቧራ እንደሚስብ ሁሉ መድኃኒቱንም ወደ ግድግዳው ይስባል፤ የሳሙናው ስስ ሽፋን ይህን ይከላከላል። አፍ የሚነካውን ጫፍ ብቻ ጠርገው ጠርሙሱን ዘቅዝቀው ያድርቁት።

ሲወስዱ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ፓፉን ነቅንቀው ይሰኩ፤ አየር ወደ ውጭ ከተነፈሱ በኋላ የጠርሙሱን አፍ በከንፈርዎ ይግጠሙ። አንድ ጊዜ ብቻ ተጭነው ከ4 እስከ 6 ጊዜ በዝግታ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይተንፍሱ። ደጋግሞ መጫን ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ነገር ግን ጠብታዎቹ እየተጋጩ ግድግዳው ላይ ስለሚቀሩ ጥቅሙ ይቀንሳል። ሁለተኛው ከታዘዘ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይተው እንደገና ነቅንቀው ይውሰዱ። እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ የመከላከያ ፓፍ ከሆነ አፍን ተጉመጥምጦ መትፋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ አፍ ውስጥ ፈንገስ ሊወጣ ይችላል።

ፓፍ ተወስዶም አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተ፣ ከንፈር ከጠቆረ ወይም የጎድን አጥንት መሐል ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ በመንገድ ላይ ትንፋሽ የሚከፍተውን ፓፍ እየደገሙ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

ፓፉ ማለቁን ውኃ ላይ በማንሳፈፍ መፈተን የተለመደ ነው፤ እኔ አላምነውም፤ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም የሚገፋው ጋዝ ይቀራልና። 200 ጊዜ የሚጫኑት ፓፍ በቀን በድምሩ 4 ጊዜ ከተጫኑት 50 ቀን ይቆያል፤ እኔ የጀመርኩበትን ቀን በእስክሪብቶ ካርቶኑ ላይ እጽፋለሁ።