ታይትል ብሎክ ላይ ያለው ቀን ሲያምታታ

ታኅሣሥ ላይ አዘዞ ለሚሠራ አንድ ሕንፃ የኤሌክትሪክ ድሮዊንግ አስፈርሜ አስረከብኩ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለቤቱ "አንድ ኮፒ ጨምርልኝ" አለኝ። ፒያሳ ወርጄ አተምኩለት። አንዲት መስመር አልነካሁም፣ በታይትል ብሎኩ (የድሮዊንጉ መረጃ በሚጻፍበት ሳጥን) ላይ ያለው ቀን ግን የዕለቱ ሆኖ ወጣ። ተቆጣጣሪው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ይዞ "የቱ ነው ትክክለኛው?" ሲለኝ ምን ልበል? እናንተም እንዳትጋፈጡት በአውቶካድ (ድሮዊንግ በምንሠራበት ሶፍትዌር) ያየሁትን ልንገራችሁ።

ችግር፦ ቀኑ በራሱ ይቀየራል

ምክንያቱ የተመረጠው የፊልድ (አውቶካድ በራሱ የሚሞላው ጽሑፍ) ዓይነት ነው። ለቀን አራት አሉ። "ዴት" የዛሬን ቀን ይሰጣል። "ሴቭ ዴት" ፋይሉ በተቀመጠ ቁጥር ይቀየራል፣ "ፕሎት ዴት" ደግሞ በታተመ ቁጥር። "ክሬት ዴት" አይንቀሳቀስም፣ ግን ከድሮ ፕሮጀክት ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ ከጀመራችሁ የድሮውን ቀን ይዞ ይመጣል፤ እኛ ደግሞ ሁላችንም ኮፒ አድርገን ነው የምንጀምረው።

መፍትሄው፣ በእኔ እምነት፣ የሚፈረምበትን ቀን ለፊልድ አለመስጠት ነው። በእጅ ይጻፍ። የሪቪዥን (የማሻሻያ) ቀንም እንደዚያው። ፊልድ ካለበት ጽሑፉን ከፍታችሁ ፊልዱ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጉና ወደ ተራ ጽሑፍ ቀይሩት። መቼ እንደታተመ ማወቅ ከፈለጋችሁ ፕሎት ዴትን በትንሽ ፊደል ከወረቀቱ ጠርዝ አስቀምጡት፤ እዚያ ቢቀያየር ማንንም አይጎዳም።

ችግር፦ ቀኑ አልቀየር አለ

መጀመሪያ ፊልድ መሆኑን እዩ። ፊልድ ስክሪን ላይ ከኋላው ግራጫ ጥላ አለው (አይታተምም)። ጥላው ከሌለ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው በእጁ ጽፎበታል ማለት ነው። ብሎኩን ደብል ክሊክ አድርጉ፣ የቀኑ ቦታ ላይ ያለውን ጽሑፍ አጥፉ፣ በቀኝ ክሊክ ፊልድ አስገቡ።

ጥላ እያለው ካልተቀየረ የትእዛዝ መስመሩ ላይ "ፊልድኢቫል" (FIELDEVAL) ብላችሁ ቁጥሩን ተመልከቱ፤ ፊልዱ መቼ መቼ እንደሚታደስ የሚወስነው እሱ ነው። ሲከፈት 1፣ ሲቀመጥ 2፣ ሲታተም 4፣ ለመላክ በኢትራንስሚት ሲጠቀለል 8፣ ሪጄን ሲደረግ (ድሮዊንጉ ስክሪን ላይ እንደገና ሲሳል) 16፤ ድምሩ 31 ነው፣ መነሻውም እሱ ነው። 0 ከሆነ አንድ ሰው ዘግቶታል። ይህ ቁጥር የሚቀመጠው በድሮዊንጉ ውስጥ ስለሆነ አንዱን ፋይል ማስተካከል ሌላውን አያስተካክልም። "ዴት" የሚባለው ፊልድ አሁንም ካስቸገረ "አፕዴትፊልድ" (UPDATEFIELD) ብላችሁ ሁሉንም ምረጡ፣ እሱ ፊልድኢቫልን አይጠይቅም።

አውቶካድ ኤሌክትሪካል የምትጠቀሙ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባችሁ። የቀኑ ቦታ ከፕሮጀክቱ መግለጫ መስመር ጋር ከተያያዘ የታይትል ብሎክ ማደሻው በሁሉም ሺት ላይ የራሱን ጽሑፍ ይጭንበታል። አንድ ማታ ሙሉ ፊልድ ሳስገባ ያደርኩት እሱ እየደመሰሰብኝ ነበር። ማያያዣውን አላቅቁት።

ሰረዝ ብቻ ከታየ አትደንግጡ፤ ፊልዱ ገና ዋጋ የለውም፣ ፕሎት ዴት እስኪታተም ድረስ እንዲህ ነው። የፓውንድ ምልክት (####) ከተደረደረ ግን ፊልዱ ተበላሽቷልና እንደገና አስገቡት።

ችግር፦ ቀኑ ከዓመታት በፊት ያለ ነው

ፊልዱ የሚያነበው የኮምፒውተሩን ሰዓት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የድሮ ዴስክቶፕ ሰዓቱን ከረሳ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ (ሲአር2032) ሞታለች። ቀይሯት፣ ሰዓቱን አስተካክሉ። የወሩ ቦታ ላይ በየጊዜው የሚለዋወጥ ወይም እስከ 59 የሚሄድ ቁጥር ካያችሁ ደግሞ ፎርማቱን እዩ፦ ትልቁ ኤም ወር፣ ትንሹ ኤም ደቂቃ ነው።

ችግር፦ ደንበኛው በዓ.ም. ይፈልጋል

ፊልዱ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። 8 ቀንሼ እገላገላለሁ አትበሉ፤ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ታኅሣሥ መጨረሻ ልዩነቱ 7 ነው፣ ወሩና ቀኑም አይገጥምም። ለዓ.ም. ሌላ ቦታ ጨምሩና በእጅ ሙሉት። የአማርኛው ጽሑፍ ጥያቄ ምልክት ከሆነባችሁ የአውቶካዱን የራሱን ፎንት ትታችሁ የጽሑፉን ስታይል ወደ ኒያላ ወይም ኤብሪማ ቀይሩት።