የተሻሻለ የፔጆ 404 ሞተርን ታይሚንግ ለደንገጎ ዳገት ማስተካከል

በሀረር ጎዳናዎች በታክሲነት ረጅም ዘመን ያገለገለው ፔጆ 404 በ1960 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ፣ ወደ ጎን ያጋደለ 1,618 ሲሲ ሞተር ነበረው። ፋብሪካው የወሰነው የታይሚንግ (በሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው እሳት የሚፈነጥቅበት ቅጽበት) ልክ የሚያገለግለው ሞተሩ እንደተሠራ ከቆየ ብቻ ነው። ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ተልጎ እምቅታው (ፒስቶኑ አየርና ቤንዚኑን የሚያምቅበት መጠን) ከጨመረ ወይም ካም ሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከተለወጠ፣ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር መነሻ ከመሆን አያልፍም።

እንዲህ ያለውን ሞተር ሀረር ላይ ሳይሆን ድሬዳዋ ላይ ማስተካከል ይገባል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሀረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሚገኙ፣ በሀረር የአየሩ ግፊት ከድሬዳዋው በ8 በመቶ ገደማ ያንሳል። ግፊቱ ሲያንስና አየሩ ሲቀዘቅዝ ሞተሩ ሳያንኳኳ (ቤንዚኑ ያለ ሥርዓት ሳይፈነዳ) ይበልጥ የቀደመ እሳት ይሸከማል። እኔ ቴስታታው የተላገ ሞተሬን በሀረር የጠዋት ቅዝቃዜ አስተካክዬ ወደ ድሬዳዋ ወረድሁ፤ በቀትር ሙቀት ተጭኜ ከድሬዳዋ ወደ ሀረር በሚያወጣው በደንገጎ ዳገት በኩል ስመለስ ግን ማንኳኳቱን በጊዜ ባለመስማቴ የአንዱ ፒስቶን ጠርዝ ተበላ። ስለዚህ ልኩ መወሰን ያለበት ሞተሩ በሚቸገርበት ቦታ ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ደህና የሆነ ሞተር ሀረር ላይ ጥቂት ጉልበት ቢያጣ እንጂ አይጎዳም።

መጀመሪያ የሚነካው ፑንቲናው፣ ማለትም እሳት ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ውስጥ ያለው፣ ሲከፈት እሳት የሚያስነሳው መገናኛ ነው። ክፍተቱ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ይደረግ፤ ክፍተቱ ሲሰፋ እሳቱ ስለሚቀድም ሲጠብም ስለሚዘገይ፣ ታይሚንጉ ከተስተካከለ በኋላ ፑንቲናውን መነካካት ሥራውን ሁሉ ያፈርሳል።

ቀጥሎ የፒስቶኑን ትክክለኛ ከፍተኛ ነጥብ ማግኘት ያስፈልጋል። በተሻሻለ ሞተር ላይ ፑሊው (ከክራንክ ሻፍቱ፣ ፒስቶኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ ጫፍ ላይ ያለው የቺንጋ ጎማ) ከሌላ መኪና የመጣ ሊሆን ስለሚችል የቀድሞው ምልክት አይታመንም። ፔጆ አንደኛውን ሲሊንደር የሚቆጥረው ከቮላኖው (ከማርሹ ሳጥን ጋር ከሚገናኘው ከባድ ጎማ) በኩል መሆኑ አይዘንጋ። እሳት የሚፈነጥቁትን ካንዴላዎች ሁሉ አውጥቶ፣ በአሮጌ ካንዴላ አካል ውስጥ ብሎን በመበየድ የተሠራ ማቆሚያ በአንደኛው ሲሊንደር ላይ ይታሰራል። ከዚያም ሞተሩ በማኖቬላ (በእጅ ማዞሪያ ዘንግ)፣ ያለ ኃይል፣ ፒስቶኑ ማቆሚያውን እስኪነካ በአንድ አቅጣጫ ይዞርና ፑሊው ላይ ምልክት ይደረጋል፤ በተቃራኒው አቅጣጫም እንዲሁ ይደረጋል። የሁለቱ ምልክቶች መካከለኛ ነጥብ ዜሮ ነው። ከዜሮው ወደ ሌሎቹ ዲግሪዎች ለመድረስ የፑሊው ዙሪያ ለ360 ይካፈላል፦ ለምሳሌ የፑሊው ዲያሜትር 140 ሚሊ ሜትር ከሆነ አንድ ዲግሪ 1.22 ሚሊ ሜትር፣ 30 ዲግሪ ደግሞ 36.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ምልክቶቹ በነጭ ቀለም ይጻፉ፤ ማቆሚያውም ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት መውጣቱ ይረጋገጥ።

ሞተሩን ለማስነሳት የሚበቃውን ልክ በአምፖል ማግኘት ይቻላል። የአንደኛው ሲሊንደር ሁለት ቫልቮች ተዘግተው ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲመጣ፣ ፑሊው ከዜሮ 10 ዲግሪ ቀደም ብሎ እንዲቆም ይደረጋል። የአምፖሉ አንድ ሽቦ ፑንቲናው ከሚገናኝበት የቦቢና (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጥቅልል) ጫፍ፣ ሌላው ከመኪናው አካል ጋር ይያያዛል። ቁልፉ ተከፍቶ ዲስትሪቢውተሩ በዝግታ ሲዞር፣ አምፖሉ የሚበራበት ቅጽበት ፑንቲናው የሚከፈትበት ነው፤ እዚያው ላይ ይጠበቅ። የእሳቱ ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ነው።

በብዛት የሚታለፈው የሚቀጥለው ነው። ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያሉት ክብደቶች ፍጥነት ሲጨምር እሳቱን በራሳቸው ያስቀድማሉ፤ ስለዚህ መካኒኩ መነሻውን (ክብደቶቹ ገና ሳይሠሩ ያለውን ልክ) በጨመረ ቁጥር ጠቅላላውም አብሮ ይጨምራል። ለምሳሌ መነሻው 14፣ የክብደቶቹ ድርሻ 24 ዲግሪ ቢሆን ጠቅላላው 38 ይደርሳል፤ እምቅታው ለጨመረ ሞተር ይህ ብዙ ነው። እኔ ከ28 ጠቅላላ ዲግሪ መጀመርን እመርጣለሁ። መነሻው 14 ሆኖ እንዲቆይ ከተፈለገ የክብደቶቹ ጉዞ በ14 ዲግሪ መገደብ አለበት፤ ዲስትሪቢውተሩ የሚዞረው በክራንክ ሻፍቱ ግማሽ ፍጥነት በመሆኑ ይህ በዲስትሪቢውተሩ ላይ 7 ዲግሪ ብቻ ነው።

ጠቅላላውን ለማየት እሳቱ በተነሳ ቁጥር ብልጭ የሚል የታይሚንግ መብራት ያስፈልጋል። ወደ ዲስትሪቢውተሩ የሚሄድ የቫኩም ቱቦ ካለ ተነቅሎ ይደፈን፤ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ምልክቱ መንቀሳቀሱን እስኪያቆም ድረስ ቤንዚን ይሰጥ። በድሬዳዋ ፀሐይ መብራቱ ስለማይታይ ሥራው አመሻሽ ላይ ቢሆን ይሻላል፤ ሽርጥ ወይም ሌላ የሚንዘላዘል ልብስ ለብሶ ግን ወደ ፋኑ መቅረብ ፈጽሞ አይገባም።

የመጨረሻው ፈተና የደንገጎ ዳገት ነው። በቀትር፣ መኪናው እንደተጫነ፣ በሦስተኛ ማርሽ ከዝቅተኛ ፍጥነት ተነስቶ ቤንዚን በሙሉ ሲረገጥ ጠጠር በቆርቆሮ ላይ እንደሚረጭ ያለ ድምፅ ከተሰማ፣ ወዲያው እግርን አንስቶ እሳቱን በ2 ዲግሪ ማዘግየት ነው። ድምፁ ከጠፋ በኋላም ሌላ 2 ዲግሪ ለጥንቃቄ ይቀነስ። ጆሮ ስለሚሳሳት ካንዴላዎቹ ይውጡ፤ በነጩ ሸክላ ላይ ጥቃቅን የብረት ነጠብጣቦች ከታዩ ሞተሩ ሳይሰማ እያንኳኳ ነው፤ እሳቱ አሁንም ይዘግይ። በተቃራኒው ሞተሩ ዳገቱ ላይ ደክሞ ከሚገባው በላይ የሚሞቅ ከሆነ እሳቱ ዘግይቶ ሊሆን ስለሚችል አንድ አንድ ዲግሪ እየጨመሩ መሞከር ይገባል።

የተገኘው ቁጥር ኮፋኖው ሥር ይጻፍ፤ ፑንቲናው አዲስ ከሆነም ከመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ክፍተቱና ታይሚንጉ እንደገና ይለካ።