ጌሚንግ ፒሲ ያለቀለትን ልግዛ ወይስ ላስገጣጥም? አዲስ አበባ ላላችሁ

ይሄ ጥያቄ እኮ አያልቅም፣ "ብሮ ይሄን ያህል ብር አለኝ፣ ያለቀለት (ተገጣጥሞ የሚሸጥ) ልግዛ ወይስ ፓርት እየለቀምኩ ላስገጣጥም?" ይሉኛል። ዩቲዩብ ላይ ፈረንጆቹ የሚሰጡት መልስ እዛው ላለ ሰው ነው የሚሰራው፣ ዕቃው አልሰራ ካለ በሳምንቱ መልሶ ብሩን ይቀበላል። እዚህ ግን አብዛኛው ዕቃ በሰው ሻንጣ የገባ ነው፣ ዋስትናውም የሻጩ ቃል ነው። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የማየው ዋጋውን አይደለም፣ ነገ ሲበላሽ የትኛውን ፓርት እዚሁ ከተማ አግኝቼ መቀየር እችላለሁ የሚለውን ነው፣ ያለቀለትም ሆነ የሚገጣጠመው በዚህ ነው መመዘን ያለበት።

መጀመሪያ ምን እንደምትጫወቱ ወስኑ። ቫሎራንት፣ ካውንተር ስትራይክ፣ ኳስ ከሆነና ስክሪናችሁ 1080ፒ (ፉል ኤችዲ) ከሆነ አርኤክስ 6600 ወይ አርቲኤክስ 3060 የሚባለው ግራፊክስ ካርድ በደንብ ይበቃችኋል። አዳዲሶቹን ከባድ ጌሞች ሴቲንጉን ከፍ አድርጌ ልጫወት ካላችሁ አርቲኤክስ 4060ና ከዛ በላይ ነው። 4ኬ የሚባለውን ለጊዜው ተዉት።

አሁን አንድ ያለቀለት ፒሲ ቴሌግራም ላይ አይታችሁ ወደዳችሁት እንበል። ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ለሻጩ ስምንት ነገር ጻፉለት፦ ፕሮሰሰሩ ከነሙሉ ቁጥሩ፣ የማዘርቦርዱ ሞዴል፣ ራሙ ስንት ጊጋ በስንት ፍሬ፣ ግራፊክስ ካርዱ ከነሜሞሪው፣ ኤስኤስዲው፣ የፓወር ሰፕላዩ (መብራቱን ለፓርቶቹ የሚያከፋፍለው) ብራንድና ዋት፣ ኩለሩ፣ ኬዙ። መልሱን ይዛችሁ እያንዳንዱን ለብቻው ሌሎች ሻጮች ጋ ዋጋ ጠይቁ፣ መርካቶም ቦሌም ደውሉ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ጠይቁ ምክንያቱም በእኛ ሐምሌ 2016 የምንዛሬው ነገር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የባለፈው ወር ዋጋ ለዚህ ወር አይሆንም። ከዛ ደምሩት። ያለቀለቱ ከድምሩ በአስር ፐርሰንት አካባቢ ብቻ ከበለጠ እኔ በበኩሌ ያለቀለቱን ግዙ ነው የምለው፣ ምክንያቱም አንድ ሰው ገጣጥሞ ፈትኖታል፣ ችግር ሲመጣም አንድ ሰው ጋ ነው የምትሄዱት፣ ራሙን የሸጠው ማዘርቦርዱ ነው ሲል ማዘርቦርዱን የሸጠው ደግሞ ራሙ ነው እያለ አያመላልሳችሁም። ልዩነቱ ሃያ ሰላሳ ፐርሰንት ከገባ ግን አስገጣጥሙ። ማዘርቦርዱንና ፓወር ሰፕላዩን አልናገርም ያለ ሻጭ ካጋጠማችሁ ደግሞ ድምሩንም አትጨርሱ፣ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ማስታወቂያው ላይ "ኮር አይ7፣ 16 ራም፣ 4 ጊጋ ግራፊክስ" ብቻ ተጽፎ ስታዩ ምንም አልተነገራችሁም ማለት ነው። አይ7-4770 የ2013 ፕሮሰሰር ነው፣ አይ3-12100 የ2022 ነው፣ ሁለቱም አራት ኮር ናቸው ግን አይ3ው አይ7ቱን በጣም ነው የሚበልጠው። ስንት ልጅ ነው አይ7 የሚለውን ስቲከር ብቻ አይቶ የቤተሰብ ብር ከፍሎ የሚሄደው፣ በእውነት ያሳዝናል። ቁጥሩን ጠይቁ፣ ከሰረዙ ቀጥሎ ያሉት የመጀመሪያዎቹ አሃዞች ናቸው ጀነሬሽኑን የሚነግሯችሁ። ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች ያለ ኢንቴል ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይደግፍም፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 2025 በፈረንጆቹ አልቋል፣ ቫሎራንት ዊንዶውስ 11 ላይ ሲጫን ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪውር ቡት የሚባሉትን የደህንነት ነገሮች ይጠይቃል። ስለዚህ ለኦንላይን ጌም ከስምንተኛ በታች የሆነ ኢንቴል አትግዙ።

ብር ትንሽ የሆነበት ሰው ብዙ ጊዜ ሚያስበው ያገለገለ የቢሮ ማሽን፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይ ኤችፒ ገዝቶ ካርድ መጨመር ነው። መጥፎ ሃሳብ አይደለም ግን ወሰኑን እወቁ። እነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹ ማዘርቦርዳቸውም ፓወር ሰፕላያቸውም የራሳቸው ቅርጽ ነው፣ ለምሳሌ ኦፕቲፕሌክስ 9020 ማዘርቦርዱ መብራት የሚወስደው በ8 ፒን ነው፣ ገበያ ላይ ያለው ፓወር ሰፕላይ ደግሞ 24 ፒን ነው፣ ያለ አዳፕተር አይገጥምም። ትንሿ ቀጭኗ ኬዝ ከሆነች ደግሞ ሎው ፕሮፋይል የሚባለው አጭር ካርድ ብቻ ነው የሚገባው። በእንዲህ አይነት ማሽን ላይ የሚሄደው ተጨማሪ የመብራት ገመድ ማይፈልግ ካርድ ነው፣ ጂቲኤክስ 1650 አይነት፣ እሱም 75 ዋት ነው የሚወስደውና ከማዘርቦርዱ ላይ ያገኘዋል። (1650ም ቢሆን ገመድ የሚጠይቁ ሞዴሎች ስላሉ አይታችሁ ግዙ።) ከዛ በላይ ልሂድ ካላችሁ ግን የቢሮ ማሽኑ ላይ ብር አትጨምሩ፣ በስታንዳርድ ፓርት ጀምሩ።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያየው ነገር ልምጣ፣ ፓወር ሰፕላይ። ከአሜሪካ የመጣ ፒሲ ከሆነ ከመሰካታችሁ በፊት ኬዙን ወደ ኋላ አዙሩትና የመብራት ገመዱ የሚገባበት ጋ ተመልከቱ። እዛ ጋ 115 እና 230 የተጻፈበት ትንሽ ቀይ ማብሪያ ካለና 115 ላይ ከሆነ እንዲሁ እንዳለ አትሰኩት፣ የኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ በሰከንድ ውስጥ ይፈነዳል። ገመዱ ተነቅሎ እያለ በካቻቢቴ ጫፍ ወደ 230 ግፉት። ማብሪያ ከሌለው ጎኑን ከፍታችሁ የፓወር ሰፕላዩ ስቲከር ላይ "ኢንፑት" የሚለውን አንብቡ፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ ሰላም ነው፣ ራሱ ያስተካክላል። 115 ቮልት ብቻ ወይም ከ100 እስከ 120 ካለ ለአሜሪካ ገበያ ብቻ የተሰራ ነውና ዋጋውን ስትከራከሩ የአዲስ ፓወር ሰፕላይ ዋጋ ቀንሱበት። እዛው ስቲከር ላይ ሌላም የምታዩት አለ፣ የ12 ቮልቱ መስመር ስንት አምፒር እንደሚሰጥ። ኬዙ ላይ 600 ዋት ተብሎ 12 ቮልቱ ላይ 25 አምፒር ብቻ ካለ ለካርዱና ለፕሮሰሰሩ የሚደርሰው 300 ዋት ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱም የሚበሉት ከዛ መስመር ነው። ርካሽ ያለቀለት ፒሲ ላይ ሻጩ ብር የሚቆጥበው እዚህ ጋ ነው፣ መብራቱ እያብለጨለጨ ፋኑ ሰባት ሆኖ ውስጡ ግን ስም የሌለው ፓወር ሰፕላይ። እሱ ሲሄድ ብቻውን ላይሄድ ይችላል፣ ማዘርቦርዱንም ካርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ወደ ማስገጣጠም ከወሰናችሁ፣ ሁሉንም ከውጭ አታስመጡ ሁሉንም ከዚህ አትግዙ። ኬዝ ትልቅና ከባድ ነው፣ መስታወት ያለው ከሆነ ደግሞ ይሰበራል፣ እሱን ከዚሁ። ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ካርድ ደግሞ ኪሎአቸው ትንሽ ዋጋቸው ትልቅ ስለሆነ ሰው ሲመጣ ቢላክ ያዋጣል፣ ቀረጥ ሊኖር እንደሚችል ግን ቀድማችሁ ሂሳብ ውስጥ አስገቡት። ዘመድ ያለው ዲሲ አካባቢ ከሆነ ማይክሮ ሴንተር የሚባል መደብር ሮክቪል ሜሪላንድና ፌርፋክስ ቨርጂኒያ ውስጥ አለ፣ ፕሮሰሰር ማዘርቦርድና ራም አንድ ላይ አድርጎ በቅናሽ የሚሸጥበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ለሀበሻ ሰፈር ቅርብ ነው። ዘመዳችሁን አንድ ነገር ብቻ ለምኑት፣ ዕቃው ሻንጣ ከመግባቱ በፊት እዛው ይፈተን። ያልተፈተነ ማዘርቦርድ ቦሌ ደርሶ አልነሳም ካለ ለመመለስ ሌላ መንገደኛ መጠበቅ ነው፣ እስከዛ የመመለሻው ቀን ያልፋል።

ራምን በተመለከተ፣ ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ገበያ በጣም ተወዷል፣ ፋብሪካዎቹ ለኤአይ ዳታ ሴንተር ማምረቱ ስላዋጣቸው ነው። ይሄ ሂሳባችንን ቀይሮታል፣ ድሮ የገዛውን ራም የገጠመ ያለቀለት ፒሲ አንዳንዴ ከፓርቶቹ ድምር ረክሶ ይገኛል፣ እንደዛ ካገኛችሁ አትለፉት። ለዚህም ነው ብር ለሌለው ሰው አሁንም ኤኤም4 የሚባለውን የኤኤምዲ ፕሮሰሰር መሰኪያ የምመክረው፣ ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር ከዲዲአር4 ራም ጋር፣ ያገለገለ ዲዲአር4 እዚህ ይገኛላ። ኤኤም5 አዲስ ነው፣ ኤኤምዲ ቢያንስ እስከ 2027 እደግፈዋለሁ ብሏል፣ ግን ዲዲአር5 የሚባለውን አዲሱን ራም ብቻ ነው የሚቀበለው። 5600ን በአሮጌ ቢ450 ማዘርቦርድ ላይ ከሆነ የምትገጥሙት ባዮሱ (ማዘርቦርዱ ውስጥ ያለው ማስነሻ ሶፍትዌር) አፕዴት መደረጉን ሻጩን አስረግጣችሁ ጠይቁት፣ አለበለዚያ ስክሪኑ ላይ ምንም አይመጣም፣ እናንተ ፕሮሰሰሩ ሞቷል ብላችሁ ትጨነቃላችሁ።

ያገለገለ ካርድ ስትገዙ ሳትፈትኑ ብር እንዳታወጡ። በፍላሽ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ሶፍትዌር ይዛችሁ ሂዱ፣ አሮጌ ካርድ ባዮሱ ተቀይሮ 1050 ቲአይ ነኝ ቢል ብዙውን ጊዜ ፌክ ብሎ ያጋልጠዋል። አርኤክስ 580 ከሆነ 2048ኤስፒ የሚለውን እዩ፣ እሱ በአቅም ወደ 570 የሚጠጋ ነው፣ የ580 ዋጋ አትክፈሉበት። ከዛ ፈርማርክ የሚባለውን ካርድ የሚያስጨንቅ ሶፍትዌር ሃያ ደቂቃ አስኪዱበት፣ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይ መስመር ከመጣ፣ ፋኑ ከተንኳኳ ወይ ማሽኑ ከጠፋ አመስግናችሁ ውጡ። ሻጩ "ቸኩያለሁ" ካለ እናንተ አትቸኩሉ።

መገጣጠሙ ራሱ ከሚታሰበው ቀላል ነው፣ አንድ ካቻቢቴና አንድ ከሰዓት ይበቃል። ከመጀመራችሁ በፊት የኬዙን ብረት ንኩ፣ ሰውነታችሁ ላይ ያለው ስታቲክ ይውጣ። የኤኤም4 ፒኖች ፕሮሰሰሩ ላይ ናቸው፣ የኤኤም5ና የአዳዲሶቹ ኢንቴሎች ማዘርቦርዱ ላይ ናቸው፣ አንዷ ከተጣመመች ከባድ ነው፣ ስለዚህ ፕሮሰሰሩ በራሱ ክብደት ነው መግባት ያለበት፣ አትጫኑት። ከኩለሩ ስር ያለውን ላስቲክ አንሱ። ሁለት ራም ከሆነ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ሶኬት ላይ አድርጉ፣ ባዮስ ገብታችሁ ኤክስኤምፒ ወይ ኤክስፖ የሚባለውን የራም ፍጥነት ሴቲንግ አብሩ፣ ያለዛ ራሙ ከተገዛበት ፍጥነት በታች ነው የሚሰራው። የስክሪኑ ገመድ ካርዱ ላይ ይሰካ፣ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። ኢንቴል መጨረሻው ላይ ኤፍ ካለው ደግሞ የራሱ ግራፊክስ የለውም፣ ካርዱ እስኪመጣ በእሱ ልቆይ ብላችሁ አትግዙ።

ያለቀለትም ገዛችሁ አስገጣጠማችሁ ከአዲስ አበባ አየር አታመልጡም። ከተማው ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፣ አየሩ ከባህር ዳርቻ ከተማ በአንድ አምስተኛ አካባቢ የሳሳ ነው፣ ፋኑ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚወስደው ሙቀት ይቀንሳል። ስለዚህ ፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነ ኬዝ ይቅርባችሁ፣ ፊቱ ወንፊት የሆነውን ግዙ። አቧራውን በየሁለት ሶስት ወሩ በብሎወር አስነፉ፣ ፋኑን በጣት ያዝ አድርጋችሁ።

መብራት ደግሞ ሲሄድ ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣ ነው ዕቃ የሚያቃጥለው፣ ስለዚህ ሲሄድ ከዲቫይደሩ ንቀሉት፣ ከመጣም በኋላ ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩት። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ በባትሪ የሚያቆየውን) መግዛት ለምትችሉ የ5600ና የ4060 ፒሲ ጌም ላይ ከስክሪኑ ጋር 250 ዋት አካባቢ ነው የሚበላው፣ 650 ቪኤ የሚባለው ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ 360 ዋት ገደማ ስለሚችል ሴቭ አድርጋችሁ ለማጥፋት ይበቃችኋል።

ስትከፍሉ የያንዳንዱን ዕቃ ሴሪያል ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ሻጩ ስንት ቀን እንደሚቀይርላችሁ በወረቀት ወይ ቢያንስ በቴሌግራም ይጻፍላችሁ። ከዛ ቤት እንደገባችሁ የምትወዱትን ከባድ ጌም ሁለት ሶስት ሰዓት ሳታቋርጡ ተጫወቱ፣ ሙቀቱን ኤችደብሊው ኢንፎ በሚባለው ሶፍትዌር እያያችሁ። ካርዱ ከ85 ዲግሪ በላይ እየወጣ ከቆየ ወይ ማሽኑ ራሱን ካጠፋ በዛው ቀን ለሻጩ ደውሉ፣ ቀኑ ሳያልፍ።